ያልተነፋው ሁለተኛ ፊሽካ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። የሌላ ሰው ታሪክ ሆኖ ባነበው እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው። እስካሁንም አላለቀም...

ቀኑ የኅዳር ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ወደ አስራ አንድ ገደማ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ቦታው አንዲት የግሪክ ደሴት ላይ፣ ወደቡ ዳር የቆመች አሮጌ የጦር መርከብ ውስጥ ነው። የደሴቲቱን ስም አልጠራም። መርከቧንም እዚህ «ካሊስቲ» እላታለሁ እንጂ እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ዛሬም ሰው እየከፈለ ይጎበኛታል፣ በእኔ ወሬ ማንም እንዲቀር አልፈልግም።

ወይም ደግሞ... እፈልጋለሁ መሰለኝ።

ስሜ ካሊዮፒ ነው፤ ቤት ውስጥ ፖፒ ይሉኛል። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። መንፈስ አየሁ፣ ዓይን በላኝ እያለ የሚመጣ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ የደም ግፊቱን ለክቼ የምሸኝ ሰው ነኝ።

አባቴ ፓንዴሊስ ዕድሜውን በሙሉ በባህር ኃይል ውስጥ የመርከበኞች አለቃ ሆኖ ፊሽካ ሲነፋ የኖረ ሰው ነበር። በጦር መርከብ ላይ ከሁሉም የሚበልጡ ሁለት ፊሽካዎች አሉ። የመጀመሪያው ረጅምና ቀጭን ነው፤ «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። እሱን የሰማ ሁሉ ባለበት ፊቱን ወደ መርከቧ ግድግዳ አዙሮ ቀጥ ይላል። ሁለተኛው አጭር ነው፣ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፤ «አሳርፍ» ማለት ነው። ሁለተኛው እስኪነፋ ማንም ንቅንቅ አይልም።

አባባ ይህን ሕግ ቤት ድረስ አመጣው።

እኔና ወንድሜ ኒኪታስ ስንደባደብ አይቆጣም፣ አይመታም። ፊሽካውን ከኪሱ ያወጣና ረጅሙን ይነፋል። ሁለታችንም የያዝነውን እንደያዝን ኮሪደሩ ላይ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ጎን ለጎን እንቆማለን። አንዴ ኒኪታስ ፀጉሬን ጨብጦ እንደያዘ ተገትሮ ቀረ። እናታችን ከኩሽና ብቅ ብላ «ኧረ ልጆቹን ፍታቸው፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» ትለው ነበር።

አንዳንዴ እናጭበረብራለን። እኔ በከንፈሬ ሁለተኛውን አስመስዬ አፏጫለሁ፣ ተያይዘን እንሮጣለን። አባባ ግን ሌላ ክፍል ሆኖም ያውቀዋል።

«ያ የእኔ ትንፋሽ አይደለም። የነፋው ነው የሚፈታው። ተመለሱ።»

እንመለሳለን... እንቆማለን።

እስካሁን ድረስ ያን ረጅም ፊሽካ ስሰማ እግሬ ሳያማክረኝ ይገጥማል።

«ካሊስቲ» የምትታወቀው በካፒቴኗ በአናርጊሮስ ቫሌታስ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ጦርነት መርከቧ ተመትታ ሞተሯ ቆመ። ባህሩን ጭጋግ ሸፍኖታል። የጠላት መርከቦች እየፈለጓት እየመጡ ነበር። ገና ሩቅ ሳሉ ካፒቴኑ ረጅሙን ፊሽካ ራሱ ነፋ። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ጸጥ አለ። የጠላት መርከበኞች ሲያስሉ እስኪሰማ ድረስ ቀርበው ያልፉ ነበር።

ታች የጥይት መጋዘኑ ውስጥ ውሃ ይገባ ነበር። እዚያ የነበሩት መርከበኞች ውሃው ከጉልበታቸው ወደ ደረታቸው፣ ከደረታቸው ወደ አፋቸው ሲወጣ አንዲት ድምፅ አላሰሙም።

ጠላት አለፈ። መርከቧ ዳነች። ካፒቴኑ ግን ቁስሉን ደብቆ ኖሮ፣ ፊሽካው በአፉ እንዳለ፣ የመርከቧን የብረት አጥር ተደግፎ እንደቆመ ሞቶ ተገኘ።

ሐውልት ቆመለት። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል። በየዓመቱ ሙት ዓመቱ እዚያው መርከቧ ላይ ይከበራል። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ንፍሮ ይታደላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ባንዲራው ይወርዳል። ያኔ አንድ ጡረተኛ አለቃ ሁለቱንም ፊሽካዎች ይነፋል።

አባባ ስለዚህ ጀግና ሲወራ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ታች ያሉትን ልጆች... ማን አሳርፍ አላቸው?»



በዚያ ኅዳር ፊሽካውን እንዲነፋ የተጠየቀው እሱ ነው። ሳንባው ደግሞ አልቆ ነበር። ደረጃ ሲወጣ ደረቱ ውስጥ የሚያፏጨውን እኔ ከታች ሆኜ እሰማዋለሁ። በጭንቀት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ሰው በሰው ፊት ትንፋሽ አጥሮት እንዳይወድቅብኝ ነበር የምፈራው።

ኒኪታስ ዳቦ በሚያከፋፍልበት መኪና ሲወስደን መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቀው።

«አባባ፣ ሳንባህ የተቀደደ ኳስ ሆኗል። ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ለማን? ላንተ? አንተ ትኩስ ሾርባ እንኳ እፍ ማለት መቼ ቻልክ።»

«ዶክተሩ ምን ነበር ያለህ?»

«ዶክተሩ ስለ ባህር ምን ያውቃል።»

«ደሴት ላይ እኮ ነው የሚኖረው።»

«በመስኮት ነው የሚያየው» አለ አባባ፤ ሳቁ በሳል ተቋረጠ።

ጸሎቱ አለቀ። ንፍሮው በትንንሽ ነጭ የወረቀት ከረጢት ታደለ፤ ስንዴው በስኳርና በሮማን ፍሬ የታሸ ነው። ኒኪታስ ያንን እየቃመ ከአጠገቤ ጠፋ። መጋዘኑ ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው በሙት ዓመቱ ቀን ብቻ ስለሆነ ሊያየው ወርዶ ነው።

አባባ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፍኩለት እጄን ያዘኝ።

«ወንድምሽን ጥሪልኝ። ስነፋ ሁለታችሁንም ማየት እፈልጋለሁ።»

«መድኃኒትህን ሳብክ?»

«ስቤያለሁ። ሂጂ አሁን፣ ባንዲራው ሊወርድ ነው።»

ወረድኩ። የብረቱ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ኋላ ዞሮ ካልሆነ አይወረድም። ከላይ የሕዝቡ ኮቴና ጫጫታ ይሰማኛል። አንድ ወለል ወረድኩ፣ ሌላ ወለል ወረድኩ... ጫጫታው ራቀ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ካሊስቲ» ባህር ላይ አይደለችም። እኔ ሳልወለድ በፊት ነው አውጥተው ሲሚንቶ ላይ ያስቀመጧት። ከሆዷ በታች ድንጋይና የድመት መተኛ እንጂ ውሃ የለም።

መጋዘኑ ጠባብ ነው። አንዲት ቢጫ አምፖል ብቻ ትበራለች። ኒኪታስ መሃል ቆሞ ንፍሮውን ይቅማል።

«እዚህ ሰው ሞቶበታል፣ አንተ ትበላለህ?» አልኩት።

«የእነሱ ንፍሮ አይደል? ከባለቤቶቹ ጋር ልብላ ብዬ ነው።»

«ና ውጣ። አባባ ሊነፋ ነው።»

«እሺ እሺ፣ ዶክተር ፖፒ። አንዴ ይቺን ልጨርስ።»

ያኔ ተነፋ።

ረጅም... ቀጭን... የማያልቅ።

የታመመ ሰው ትንፋሽ አይመስልም ነበር። ሁለታችንም ሳንነጋገር ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ጎን ለጎን ቀጥ አልን። እሱ በግራዬ ነበር። በዚህ ዕድሜያችን እንደ ሕፃን መገተራችን ሳቄን አመጣው። የኒኪታስም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ ጥግ አየሁ። አፉ በንፍሮ ሞልቶ ሳቁን ማውጣት አቅቶታል።

ፊሽካው ቆመ።

ሁለተኛውን ጠበቅን...

ጠበቅን...

«ረሳው እንዴ?» አለ ኒኪታስ በሹክሹክታ።

«ባንዲራው አልወረደ ይሆናል። ዝም በል።»

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከላይ ኮቴ አይሰማም። ሳል አይሰማም፣ የሕፃን ለቅሶ አይሰማም። ያ ሁሉ ሰው ጭንቅላታችን ላይ ቆሞ እያለ።

ከዚያ ሽታው መጣ። የረጠበ የሱፍ ልብስ ሽታ ነው። ዝናብ የደበደበው ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲታፈግ የሚሸት ዓይነት።

«ፖፒ...»

«እ?»

«ከኋላችን ሰው ገብቷል እንዴ?»

እኔም ሰምቼው ነበር። በአፍንጫ የሚተነፈስ፣ ቀስ ተደርጎ የሚያዝ ትንፋሽ ነው። የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም...

እግሬን ቀዘቀዘኝ።

መጀመሪያ ብርድ መሰለኝ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ጭንቅላቴን ሳላንቀሳቅስ ዓይኔን ብቻ ወደ ታች ጣልኩ።

ጥቁር ውሃ ነበር። በላዩ ላይ የስንዴ ፍሬዎች ይንሳፈፋሉ።

«እኔ በቃኝ» አለ ኒኪታስ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ወጣሁ። ነይ።»

«ቆይ፣ አልነፋም እኮ...»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲዞር ሰማሁት። ውሃውን እየገፋ ወደ መሰላሉ ሄደ። አንድ፣ ሁለት እርምጃ... ከዚያ ቆመ። ሰው ጠርቶት የቆመ አይመስልም። እርምጃው መሃል ላይ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

«ኒኪታስ?»

«ኒኪታስ፣ አትቀልድብኝ።»

በቀኝ ጆሮዬ በኩል ማንም አልነበረም። እርግጠኛ ነኝ፣ በዚያ በኩል ያለው የብረት ምሰሶ ነው። ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጆሮዬን ነካውና እንዲህ አለኝ፦

«ዝም... ገና አላለፉም።»

መጮህ ፈለግኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። መሮጥ ፈለግኩ፣ እግሬ የእኔ አልሆነም። ውሃው ወገቤን ያዘ። ከኋላዬ ወንድሜ አለ፣ ዞሬ ላየው አልችልም። ከላይ አባቴ አለ፣ ለምን እንደማይነፋ አላውቅም። ወድቆ ይሆናል... ሞቶ ይሆናል። እኔ እዚህ ፊቴን ለብረት ሰጥቼ ተገትሬአለሁ።

ያኔ ነው የልጅነታችን ማጭበርበር ትዝ ያለኝ።

ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ። አፌ ደርቋል። የወጣው አየር ብቻ ነበር። እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም አየር። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ እንባዬ መጣ፤ ከንፈሬን በእንባዬ አረጠብኩት።

አፏጨሁ። ከፍ ብሎ... ዝቅ አለ።

ከኋላዬ ብዙ ሰው በአንድ ላይ «እፎይ» አለ።

ዞርኩ።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ወለሉ ደረቅ ብረት ነው። ጫማዬን ዳሰስኩት፣ ጠብታ አልነካውም። ኒኪታስ ግን ወዲያኛው ግድግዳ ጥግ ቆሟል፤ የጫማው ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ፣ እጆቹ ከጎኑ ተለጥፈው። ልብሱ እስከ ደረቱ ድረስ ርሶ ነበር።

እጁን ያዝኩት። በረዶ ነው። ጎተትኩት፣ ተከተለኝ። ኒኪታስ በሕይወቱ ሳይከራከር የተከተለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

መሰላሉን ስንወጣ ከእሱ በታች ሌላ ኮቴ ነበር። ከዚያ በታች ሌላ... ከዚያም በታች ሌላ።

ወደ ታች አላየሁም።

ላይ ሰዉ ኮቱን እየለበሰ፣ እየተሳሳመ፣ እየተሰነባበተ ነበር። ባንዲራው ወርዶ ታጥፏል። አባባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ፊሽካው ጉልበቱ ላይ ነው። አንድ ወጣት መኮንን ውሃ ያጠጣዋል።

«አባባ፣ ምን ሆንክ?»

«ትንፋሽ አጠረኝ...» አለ። እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም። «የመጀመሪያውን ነፋሁ። ሁለተኛው እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ማን ጨረሰው?»

መኮንኑ ፈገግ ብሎ «እኔ ነፋሁላቸው እናቴ፣ ብዙም አልቆየ፤ ሰዉም አላወቀ» አለኝ።

አባባ እሱን አልሰማውም። የሚያየው ኒኪታስን ነበር። ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ከልብሱ ጠርዝ የሚንጠባጠበውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ታች ነበራችሁ?»

«አዎ።»

«እንዴት ወጣችሁ?»

«አፏጨሁ» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ያ የእኔ ትንፋሽ አይደለም፣ ልጄ» አለ።

በማግስቱ እኔና እሱ ብቻችንን ወደ መርከቧ ሄድን። መጋዘኑ አፍ ላይ ቆሞ ሞከረ። ፊሽካው ውስጥ የገባው አየር የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነበር። ድምፅ አልወጣም። በየቀኑ ሞከረ። ሆስፒታል ከገባ በኋላም ነርሶቹ የኦክስጅን ጭንብሉን ሲያወልቁለት ቀድሞ የሚፈልገው ፊሽካውን ነበር።

«ልፍታው...» ይለኛል። «ልጁን ልፍታው።»

ጥር ላይ ሞተ። ፊሽካው በእጁ ነበር። ወደ አፉ ሊያደርሰው እንኳ አልቻለም።

ኒኪታስ ቀን ቀን ደህና ነው። ዳቦውን ያከፋፍላል፣ ደንበኞቹን ያስቃል፣ እኔን ይሰድባል። ከመርከቧ ምንም አያስታውስም። «አዳልጦኝ ውሃ ውስጥ ወድቄ ነው» ይላል። የትኛው ውሃ ስለው ወሬ ይቀይራል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ባለበት ይቆማል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው እኔ ቤት ነበር፣ ፊቱን ለፍሪጅ ሰጥቶ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሳህን ይዞ ነበር፣ ሳህኑን እንደያዘ። ስነካው በረዶ ሆነብኝ። ስጠራው አይሰማም። በከንፈሬ ሁለተኛውን ሳፏጭ ትንፋሹን ለቀቀና «ጨው የት ነው ያለው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አብረን እንድንኖር አደረግኩ፤ የአባባ ቤት ውስጥ፣ ያደግንበት። ጀምበር ሳትጠልቅ ከፋርማሲ ሮጬ እመጣለሁ፣ አፏጫለሁ፣ ይፈታል። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ኖርን። የታሰረው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱ ነው ወይስ እኔ።

ግን በየቀኑ ሲነቃ ይዘገያል። አንዴ አፏጭቼ ይበቃ ነበር። ከዚያ ሁለቴ ሆነ። ከዚያ ብዙ ጊዜ...

ትናንት ደንበኛ ይዞኝ አመሸሁ። ቤት ስደርስ ጨልሟል።

በሩን ስከፍት ያ የረጠበ ሱፍ ሽታ ተቀበለኝ።

የኮሪደሩ መብራት አልበራም ነበር። ኒኪታስ በልጅነታችን በምንቆምበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። አፏጨሁ። አልተንቀሳቀሰም። የአባባን ፊሽካ ከመሳቢያ አውጥቼ እንደ ሥርዓቱ ነፋሁ፣ ከፍ ብሎ ዝቅ።

ኒኪታስ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

«ዝም በይ ፖፒ... ገና አላለፉም።»

መብራቱን አበራሁ።

ከእሱ ሌላ ማንም አልነበረም። ወለሉ ላይ ግን ከበሩ ጀምሮ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ እርጥብ የጫማ ዱካ ተሰልፏል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ተረከዙ ገጥሞ፣ ጫፉ ወደ ግድግዳው። ሁሉም የባህር ኃይል ቦት ጫማ ነው።

ከአንዱ በስተቀር። ከኒኪታስ ቀጥሎ ያለው የቤት ነጠላ ጫማ ዱካ ነው። የግራው ተረከዝ በአንድ በኩል ተበልቷል። ያን ጫማ አውቀዋለሁ፣ ከአባባ ቀብር በኋላ በገዛ እጄ ነው የጣልኩት።

በእሱና በኒኪታስ መካከል አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ተትቷል።

እዚያ ጋ ወለሉ ደረቅ ነበር።